ሦስተኛው ጥሪ

ዘሃራ የበኩር ልጇን ልታርስ ከኮምቦልቻ ተነሥታ ቦሌ የገባች ዕለት፣ የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳታራግፍ መስኮት መዝጋት ጀመረች። ምን ዓይነት ቤት ነው ይሄ! ሳሎኑ መስኮት፣ መኝታ ቤቱ መስኮት፣ ኮሪደሩ ሳይቀር መስኮት። "ወላሂ፣ ይሄ በርበሬ የሚሰጣበት እንጂ አራስ የሚተኛበት ቤት አይደለም" አለች። ጊዜው ኅዳር 1988 ነበር። ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ወረድ ብሎ ባለው በዚያ ሰፈር ፀሐይ ወጥታ እንኳ ንፋሱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ልጇ ሀጀር ከወለደች ገና አራተኛ ቀኗ ነው። አራስን ንፋስ ከመታት ደግሞ ዕድሜ ልኳን ወገቤን እንዳለች ትቀራለች። ይህን ለዘሃራ የሚያስተምራት የለም፤ ሰባት ወልዳ ሰባቱንም አሳድጋለች።

የባሰው መታጠቢያ ቤቱ ነው። ከጣሪያው ዝቅ ብሎ የድስት አፍ የሚያህል ቀዳዳ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ወንፊት የመሰለ ብረት ተገጥሞበት ንፋሱን እያፏጨ ያስገባል። ዘሃራ በርጩማ ላይ ወጣች። አሮጌ ነጠላዋን አጣጥፋ እስኪጠብቅ ድረስ ጠቀጠቀችበት። ፉጨቱ ቆመ።

"እማማ፣ ያ ቀዳዳ እኮ ያለ ምክንያት አልተተወም" አላት የሀጀር ባል ኻሊድ፣ በሩ ላይ ቆሞ። ኻሊድ ሁለት የጭነት መኪና አለው፤ አንዱን ራሱ እየነዳ አሰብ ይመላለሳል። ከሰው ጋር አፍ ለመካፈት ወደኋላ የማይል ሰው ነው፤ አማቱ ፊት ግን ድምፁ ይቀንሳል።

"በምክንያትማ ነው የተተወው! ልጄን በብርድ ሊጨርስልኝ ነው!"

"ቤቱን ሠርተው የኖሩበት ፈረንጆች ናቸው፣ ምናልባት ለጋዙ..."

"ፈረንጅማ በወለደች በማግስቱ አይስክሬም ትበላለች አሉ! ይልቅ አንተ ሂድ ከዚህ፣ አራስ ቤት የወንድ ቦታ አይደለም።"

ኻሊድ ሳቀና ተወው። በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ ልጁ ጣሃ ተባለ፤ በማግስቱ ኻሊድ መኪናውን አስነሥቶ ወደ አሰብ ወረደ። ሲሄድ የአማቱን እጅ ስሞ፣ "እማማ፣ ሁለቱን አደራ" አላት። "እኔ እያለሁ ዝንብ አያርፍባቸውም" አለችው። ይህን ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሳዋለች።

በዚያ ቤት አንድ ነገር ብቻ በዘሃራ ፊት ሞገስ አግኝቶ ነበር። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከገንዳው ራስጌ ግድግዳው ላይ ነጭ የብረት ሣጥን ተሰቅሏል፤ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ነው። ሲሊንደሩ ውጭ ይቆማል፣ ቱቦው በግድግዳው ይገባል፣ ከሣጥኑ አናት ደግሞ ሌላ ሰፊ ቱቦ ወደ ጣሪያው ይወጣል። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ሲከፍቱት ሣጥኑ "ቡፍ!" ይላል፤ በትንሿ መስኮቱ ሰማያዊ እሳት ብልጭ ይልና ፍል ውሃ ይወርዳል። ለሰባት አራስነት በእንጨት ውሃ ስታፈላ ጭስ ዓይኗን ያቃጠላት ሴት ይህን ስታይ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሀጀርን እዚያ አስገብታ፣ ወገቧ እስኪላላ በፍል ውሃ ታስታጥባታለች።

ከሣጥኑ ጎን በክር የተንጠለጠለ ካርድ አለ። ዘሃራ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ፣ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን፣ ጮክ ብላ ካላነበበች አይሆንላትም። "በየዓመቱ ይታይ። ጉዲና፣ ሾላ ገበያ በስተጀርባ" ብላ አነበበች። ከሥሩ ቀኖች ተደርድረዋል፤ መስከረም 1977፣ መስከረም 1978፣ እያለ ይወርዳል። የመጨረሻው መስከረም 1983 ነው። ከዚያ በታች ባዶ።

"ምኑ ነው የሚታየው?" አለች ለራሷ። "ውሃው ይሞቅ የለ እንዴ!" ካርዱን ለቀቀችው።

ነገሩ የጀመረው በአሥረኛው ቀን ነው። ዘሃራ እንደ ልማዷ ኮሪደሩ ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጣሃን አቅፋ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠብቃለች። አፏ ከዚክር፣ አላህን ከማውሳት፣ አያርፍም፤ የሽንት ጨርቅ ስታጥፍም ሽንኩርት ስትከትፍም ከንፈሯ እንደተንቀሳቀሰ ነው። ሀጀር ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"እማ፣ ሴትዮዋ ማን ናት?"

"የቷ ሴትዮ?"

"በሩ ላይ ቆማ የምታየኝ።"

ዘሃራ ቆሌዋ ተገፈፈ። ከበርጩማዋ አልተነሣችም፤ በአጠገቧም ያለፈ ሰው የለም። "ምን ትመስላለች?"

"እንጃ፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ነው ያየኋት። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የላትም። ብጠራት ዝም አለችኝ።" ሀጀር ጨርሳ ሳትናገር አቅለሸለሻትና ወለሉ ላይ አስመለሰች። "ራሴ፣ እማ፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው።"

ዘሃራም ራሷን ያማት ነበር። ቦሌ ከገባች ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት ራሷን ሰቅዞ ይይዛታል፤ የመኪናው ጉዞ ነው ብላ አረንጓዴ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች። ያን ዕለት ግን ራስ ምታት ያሰበ ማን ነው? አራስ ብቻዋን አትተው የተባለው ለዚህ አይደለም? አውዙ ቢላህ! ቢላ አምጥታ ከሀጀር ትራስ ሥር አስገባች። ጥቁር አዝሙድ ቋጥራ ልጁ ራስጌ አሰረች። ከቁርኣን አያተል ኩርሲን ምላሷ እስኪደርቅ ቀራች።

በማግስቱ ጠዋት ዘበኛው አዝመራ በር ላይ አገኛትና ዓይኑን ሰበር አደረገ። ቤቱን ከፈረንጆቹ ጊዜ ጀምሮ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው።

"አፌን ሰብስቤ ልቀመጥ ብዬ ነበር" አላት። "ከእናንተ በፊት የነበሩት ባልና ሚስት አራት ወር አልሞሉም። ሚስቲቱ ገላዬን ስታጠብ ሰው በስሜ ይጠራኛል ትል ነበር። አንድ ቀን እዚያው ወድቃ ተገኘች። ነፍሷ ተረፈች፤ ግን በማግስቱ ዕቃቸውን ጭነው ወጡ። ከዚያ ቤቱ ዘንድሮ እናንተ እስክትገቡ አራት ዓመት ያህል ተዘግቶ ከረመ።"

"ፈረንጆቹስ?"

"እነሱማ ሰባት ዓመት ኖሩበት። አንድም ነገር አላሉ።"

"ፈረንጅ ጂን ምኑን ያውቀዋል!" አለች ዘሃራ፣ እጇን እያወናጨፈች። ነገሩን እዚያው ዘጋችው። ሰባት ዓመት ምንም ያልነካቸው ለምን እንደሆነ ብትጠይቅ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ባለቀ ነበር፤ አልጠየቀችም።

ቤት ገብታ ልጇን አጠገቧ አስቀመጠችና ከእናቷ የወረሰችውን አንድ ሕግ አስጠናቻት። አራስ ባለበት ቤት ለጥሪ ወዲያው አይመለስም። ጂን የሰው ድምፅ ይቀዳል፤ የእናትን፣ የባልን፣ የልጅን። የሚጠራው ግን ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው አይሆንለትም። ሰው ከሆነ ሦስተኛውን ይጠራል፣ ያኔ አቤት ይባላል። "ገባሽ? እኔም ብሆን! እኔም ስጠራሽ ሦስቴ ካልጠራሁ እንዳትመልሺልኝ። አንቺም ከፈለግሽኝ ሦስቴ ጥሪኝ።"

ሀጀር እንደ ከተማ ልጅ ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ግን የሴትዮዋ አፍ ትዝ አላትና ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ መልኩ ተለወጠ። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ደህና ነው፤ ሀጀር ገንፎዋን ትበላለች፣ ልጁ ይጠባል፣ ዘሃራ ከአዝመራ ጋር ስለ ሽንኩርት ጥራት ትጨቃጨቃለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ቧንቧው ሲከፈትና ሣጥኑ ቡፍ ሲል ግን የሆነ ነገር ይመጣል። ዝምታ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ውሃው ይወርዳል፣ እሳቱ ይንሾካሾካል። ግን ከባድ ነገር ነው፤ ደረት ላይ ይቀመጣል። ሣጥኑ ላይ ደግሞ ጥላሸት መውጣት ጀመረ። ዘሃራ በየቀኑ በጨርቅ ትወለውለዋለች፣ በማግስቱ ደግሞ ጠቁሮ ይጠብቃታል። ሰማያዊው እሳትም ከቀን ወደ ቀን ወደ ቢጫ ዞረ፤ እንደ ሻማ እሳት ይወላገዳል። "ይሄም ታመመ እንዴ?" አለችና ቢስሚላህ ብላ አለፈችው።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን የዘሃራን ወኔ የሰበረ ነገር ሆነ። ዘሃራ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ሀጀር ታጥባ ወጣች፤ ሴትዮዋን ዛሬም አይቻታለሁ አለች። ዘሃራ ልትነሣ እግሯን ስታነሣ ጫማዋ ውስጥ እግሯን ቀዘቀዛት። አጎንብሳ ዳሰሰችው። ርሷል። የቀሚሷም ጫፍ ርሷል። ውሃ ወዳለበት አልሄደችም፤ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም፤ ወላሂ አልተነሣችም! ኮሪደሩ ደረቅ ነው። ማንም ሳይነካት እግሯን ያራሰው ምንድን ነው? ለሀጀር አልነገረቻትም። ጫማውን ፀሐይ ላይ አሰጥታ፣ ጓዳ ገብታ፣ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። ፈራች። ለራሷ አልነበረም፤ አደራ ያላት ሰው አሰብ መንገድ ላይ ነው፣ አደራውን ደግሞ ከዓይኗ ሥር እየወሰዱባት ነው።

ሃያ ሦስተኛው ቀን ላይ ብርዱ ጸና። ዘሃራ የኮሪደሩንም በር ሥር በጨርቅ ደፈነች። ሀጀር፣ "እማ፣ ዛሬ ባልታጠብስ? ጉልበቴ ከድቶኛል" አለቻት።

"ለጉልበትሽ እኮ ነው የምትታጠቢው! እኔ እዚሁ ነኝ።"

ቧንቧው ተከፈተ። ቡፍ። ዘሃራ ጣሃን ጭኗ ላይ አስተኝታ መቅራት ጀመረች። የምትቀራው ነገር መሃል ላይ ይጠፋባት ጀመር፤ ልጅ ሳለች ያጠናችው፣ በእንቅልፏ እንኳ የማትስተው። እንደገና ጀመረችው። እንደገና ጠፋባት። ዓይኗ ፊት ያለው በር አንዴ ይቀርባል አንዴ ይርቃል።

"እማ።"

ከውስጥ ነው። የሀጀር ድምፅ ነው። ዘሃራ "አቤት" ልትል ከንፈሯ ተከፈተና ራሷን ያዘች። አንድ።

ውሃው ይወርዳል።

"እማ..."

ሁለት። ይኼኛው ቀጥኗል፤ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ዘሃራ ጣሃን አጥብቃ አቀፈችው። ጥሪኝ፣ አለች በልቧ። ሰው ከሆንሽ ጥሪኝ፣ ልጄ ከሆንሽ ጥሪኝ። ጆሮዋን አቅንታ ሦስተኛውን ጠበቀች።

ሦስተኛው አልመጣም።

"አልሃምዱሊላህ" አለች። ጂን ነበር፣ አልመለስኩለትም፣ ሄደ። ሰውነቷ ሁሉ ላላ። ቢተኙ ደስ ይላል፣ እዚሁ፣ ግድግዳውን ተደግፈው። ዓይኗን ልትከድን ስትል ግን አንድ ነገር ቆረቆራት። የውሃው ድምፅ። ሰው የሚታጠብበት ውሃ ይቆራረጣል፤ በእጅ ይቀዳል፣ በገላ ላይ ይመታል፣ ይንጠባጠባል። ይሄ ግን ሳይቆራረጥ ወጥ ሆኖ እየወረደ ነው። ማንም የማይነካው ውሃ ነው። ጭኗ ላይ ያለውን ልጅ አየችው። ከንፈሩ ተከፍቷል። ጉንጩን ቆነጠጠችው፤ አላለቀሰም።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣላት፤ ሌላው ነገር ሁሉ ከጭንቅላቷ ጠፍቶ ይህ አንድ ሐሳብ ብቻ ቀርቷት ነበር። ጂን ሁለቴ ብቻ ይጠራል፤ እሺ። ሦስተኛውን ለመጥራት አቅም ያነሰው ሰውስ?

"ሀጀር!" ብላ ጮኸች። ልትነሣ ብትል ጉልበቷ የለም። ልጁን በአንድ እጇ ይዛ በጉልበቷ ዳኸች፣ በርጩማውን አነሣች፣ በኮሪደሩ መስኮት ላይ ባላት አቅም ወረወረችው። መስታወቱ ረገፈ። ያ የጠላችው የኅዳር ንፋስ ዘሎ ገባና ፊቷን መታት። "አዝመራ! ኧረ የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!"

አዝመራ የኮሪደሩን በር በትከሻው ገፍቶ ገባ። ሀጀር ገንዳው ጠርዝ ላይ በደረቷ ተደፍታ፣ አንድ እጇ ወደ በሩ ተዘርግቶ ነበር። በአንሶላ ጠቅልሎ ተሸክሞ ሣሩ ላይ አስተኛት። ዘሃራ ልጁን እያራገበች፣ አፉ ውስጥ እፍ እያለች፣ "ያ ረቢ፣ እኔን፣ እኔን ውሰደኝ!" እያለች ግቢውን አናወጠችው። ጣሃ መጀመሪያ አነጠሰ። ቀጥሎ እሪ አለ። ሀጀር ከዚያ ብዙ ቆይታ፣ ጎረቤት በመኪና ይዟቸው ሆስፒታል ከደረሱ በኋላ፣ ዓይኗን ገለጠች። ሁለት ቀን ተኝታ ወጣች።

ሰፈሩ በአንድ አፍ ቤቱን ልቀቁ አለ። አዝመራ ሼክ ይጠራ አለ። ዘሃራ ግን እነሱ ሲያወሩ ካርዱ ትዝ አላት። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቀውም፤ ምናልባት ባዶው ቦታ ይሆናል። ካርዱን በጥሳ በመቀነቷ ቋጠረችና በታክሲ ሾላ ገበያ ወረደች። ከቅመም ተራው ጀርባ ሦስት ሰው ጠይቃ አገኘችው፤ ጉዲና የሚባል፣ ሽበታም፣ ጣቶቹ በቃጠሎ ጠባሳ የተሞሉ ሰው ነው። ካርዱን ተቀብሎ አገላብጦ አየ።

"ይህን ቤት በየመስከረሙ እኔ ነበርኩ የማየው" አላት። "ፈረንጆቹ ከወጡ ወዲህ የሚጠራኝ ጠፋ። አምስት ዓመት ሆነው። ስንት ሰው ነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም።"

"እንግዲያው አላህ ይወድዎታል፣ እናቴ።" የዕቃ ሣጥኑን አንሥቶ ተከተላት።

ሀጀር ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ወንበር ተደርጎላት፣ ጣሃን አቅፋ ተቀምጣለች። ጉዲና መታጠቢያ ቤት ገብቶ ጥቂት ሲደበድብ ቆየና ወጣ። በአንድ እጁ ከጣሪያው ቱቦ ያወጣውን ይዟል፤ የወፍ ጎጆ ነው፣ ጭድና ላባ፣ በጥላሸት የታጨቀ። "ጭሱ መውጫው ይሄ ነበር" አለ። "ጋዝ በደንብ ሲነድ ጭሱ ወደ ላይ ይሄዳል። መውጫ ሲያጣ ወደ ቤት ይመለሳል። ሽታ የለው፣ መልክ የለው። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ከዚያ ያቅለሸልሻል። ከዚያ የሌለ ያሳያል፣ ያለውን ያስረሳል። ሰው ሄዶ እንደቆመ እንኳ አያስታውስም። በመጨረሻ ያስተኛል።" ጎጆውን መሬት ላይ ጣለው። "ይሄ ተደፍኖም ቢሆን ግን በግድግዳው ቀዳዳ ንጹሕ አየር ይገባ ነበር፤ እንዲህ አይብስም ነበር። ማን እንደሆነ እንጃ፣ እሱንም በዚህ ደፍኖታል።"

ሁለተኛውን እጁን ዘረጋ። ነጠላ ነው። ጥለቱ እንኳ አይለይም፤ ጠቁሯል።

ዘሃራ ነጠላውን አየች። አዝመራ ወደ እሷ ዞሮ ሊናገር ሲል ፊቷን አየና ተወው።

"እማ" አለች ሀጀር ቀስ ብላ። "ያቺ ሴትዮ... ሻሿ አረንጓዴ ነበር።"

የዘሃራ እጅ ሳታዘው ወደ ራሷ ሄደ። አረንጓዴው ሻሽ እንደታሰረ ነው። የረጠበው ጫማዋ ታወሳት፤ ለካ ሄዳ ነበር። ሄዳ በሩን ከፍታ፣ ውሃው ላይ ቆማ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ልጇን አይታ፣ ተመልሳ ተቀምጣ ነበር። አንድ ቀን ብቻም አይደለም። አንዱንም አታስታውስም።

"አንቺ ነበርሽ" አለች ሀጀር።

"እኔ ነበርኩ።"

"ጠርቼሽ ነበር እኮ።"

"ሰምቼሻለሁ፣ ልጄ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

ዘሃራ ሄዳ ከልጇ እግር ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጠችና ራሷን የሀጀር ጉልበት ላይ ጣለች። ሀጀር ልጁን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው የእናቷን ሻሽ ዳሰሰችው።

ኻሊድ ከአሰብ ሲመለስ ሁሉን ነገረችው፤ አንድም ሳትደብቅ። ተቆጣኝ፣ ስደበኝ ብላ ጠበቀች። እሱ ግን እጇን ይዞ አለቀሰ፤ ያ ደግሞ ከስድብ ባሰባት። ቤቱን አልለቀቁም። ጉዲና ማሞቂያውን ፈትቶ አጥቦ፣ ቱቦውን ጠርጎ፣ አናቱ ላይ ወፍ የማያስገባ ወንፊት ገጠመለት፤ እሳቱ እንደገና ሰማያዊ ሆነ። ካርዱ ላይ "ኅዳር 1988" ብላ የጻፈችው ዘሃራ ራሷ ናት፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደሏ፣ ትልልቅ አድርጋ። ከዚያ ወዲህ ነሐሴ ባለቀ ቁጥር ከኮምቦልቻ ትደውላለች። "ልጁ እንዴት ነው?" ከማለቷ በፊት፣ "ጉዲናን ጠራችሁት?" ትላለች።

ኮምቦልቻ ያሉ ጎረቤቶቿ አሁን ይስቁባታል። ዘሃራ ለሚጮህ በር ሳይቀር አቤት ትላለች ይላሉ። እውነት ነው፣ ትላለች። በመንገድ ሻጭ ሲጣራ አቤት፣ የሌላ ሰው ልጅ እናቱን ሲጠራ አቤት። ይሳቁ። አንዳንድ ቀን ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ከጓዳ በኩል አንድ ድምፅ "እማ" ይላታል። አንዴ ብቻ። ማንም እንደሌለ ታውቃለች። ሁለተኛውን ግን አትጠብቅም፤ "አቤት፣ ልጄ" ብላ ትነሣና ሄዳ ታያለች።